ተጠሪ በሚለው መስመር ላይ

የቆየ ኮምፒውተር ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? የተቃጠለ አቧራ፣ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ዝገት ዝገት የሚል ነገር። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረቀት እስኪያባዙልኝ ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ማሽን እያጓራ ያንን ሽታ ለቀቀው። ልጅቷ «ጋሼ፣ አልቋል» ስትለኝ አልሰማኋትም። ደግማ ጠራችኝ። ወላሂ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንድ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ፣ ክርኑ ክርኔን እየነካ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር በመስመር ሲያነብ እየሰማሁ ነበር።

ከጀመርኩ አይቀር ልንገርህ። በአፌ ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ የምኮራበት ነገር አይደለማ።

ያን ጊዜ እኔና እሱ ከካምፓስ ተመርቀን ሥራ ፈት ሆነን ነበር። ስሙን አልጠራልህም፤ ፈቃዱን አልጠየቅሁትም። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፣ አያቴም እንደዚያው። ጓደኛዬ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ከአስኳላው በፊት ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። እኔ «መሪጌታ» እለዋለሁ፣ እሱ «የጨርቁ ልጅ» ይለኛል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ምሳችን ሁልጊዜ ሽሮ ነበር፤ በፆምም ሽሮ፣ በፍስክም ሽሮ፣ ምክንያቱም በሥጋ አንገናኝም። እንዲያም ሆኖ አንድም ቀን ሰልችቶን አያውቅም። ካልሠራን ቢያንስ እንብላ እያልን እንስቃለን።

የምንውልበት ቦታ የድሮው የኮምፒውተር ላባችን ነበር፤ ምድር ቤት ያለች ጠባብ ክፍል። የላቡ ኃላፊ ደግ ሰው ስለነበሩ ተማሪ እስኪገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት ያስገቡናል። ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው፤ የተጫነባቸውም ነፃው ሲስተም ነው፣ ያ ማንም ሰው ኮዱን ከፍቶ እንዲያየው፣ እንዲያስተካክለውና ለሌላ እንዲያካፍለው የተፈቀደው። አንድ ጠዋት ገብተን ስናይ ሁሉም ወደ አዲሱ እትም ተሸጋግረዋል። አማርኛ መጻፊያው የለም። የለም ስልህ የለም! «ሀ»ን ብትነካ የላቲን ፊደል ይመጣል።

እኔ ተራግሜ ተውኩት። እሱ አልተወውም። ሁለት ቀን ሲያነብ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ጠራኝ።

«ና እይ። ሰው የለውም» አለኝ።

«ምኑ?»

«መጻፊያው። ይጠብቀው የነበረው ሰው ትቶታል። እነሱ ወላጅ አልባ ይሉታል። የሚያነሳው ካልተገኘ ከሚቀጥለው እትም ጨርሶ ይወጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን አንድ ሰው ይጽፈዋል፤ ተጠቃሚው ዘንድ ግን እንዲሁ አይደርስም። ሌላ ሰው ተቀምጦ ማሸግ አለበት። ምን ምን እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሠራው፣ በምን ፈቃድ እንደሚሰጥ ይጽፋል፤ ከዚያ ይገነባል፣ ይፈትናል። የታሸገው ነገር ፓኬጅ ይባላል። ይህን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እያንዳንዱ ፓኬጅ አንድ ተጠሪ አለው፤ ሲበላሽ የሚጠየቅ፣ ሲሠራ የሚመሰገን። ስሙም ለዓለም ሁሉ በሚታየው ገጽ ላይ ይሰፍራል።

«እናንሳው» አለኝ።

«እኛ? ማን ያውቀናል?»

«ምነው፣ እነሱንስ ማን ያውቃቸው ነበር?»

እንዲህ ነው የጀመርነው። እውነቱን ልንገርህ አይደል? ሥራውን የሠራው እሱ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን ጻፍኩ። የከተማ ልጅ ስለሆንኩ፣ ትንሽ የተሻለ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ፣ ደብዳቤው በእኔ በኩል ይሁን ተባባልን፤ ስለዚህ ከገምጋሚው ጋር የሚጻጻፈው የእኔ አድራሻ ሆነ። ገምጋሚው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፣ መልኩን አይተነው አናውቅም። አዲስ ጀማሪ የላከውን ፓኬጅ መርምሮ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» የሚለው እሱ ነው። እኛን ሰባት ጊዜ መለሰን። አንዴ የፈቃዱ ጽሑፍ ጎደለ አለ፣ አንዴ አንድ ፋይል ቦታው አይደለም አለ፣ አንዴ መግለጫችሁ ረዘመ አለ። እኔ በሦስተኛው ጊዜ ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አድርገነው ነው!»

ጓደኛዬ ግን ይስቃል፣ አፉን ይዞ። «ተቀመጥ እባክህ። የእኛ የኔታ አንዷን የሁለት መስመር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ አሥር ጊዜ ይመልሷት ነበር። ይሄ ሰው ቅኔ ቤት ቢገባ ሸጋ መምህር ይወጣዋል።»

ፓኬጁን አልገነባ ያለውን ጥፋት ያገኘው እሱ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት ሌላ ፓኬጅ ስሙ ተቀይሮ ኖሮ፣ የእኛው በድሮ ስሙ እየፈለገ ነበር የሚወድቀው። ያንን አስተካክሎ ደስ ብሎን ሳናበቃ «ቆይ» አለና ፊደላቱን አንድ በአንድ እየመታ ፈተሻቸው። ኈ፣ ኰ፣ ጐ የሚባሉት አይወጡም። እኔ የዕድሜ ልኬን አማርኛ ስጽፍ እንደሌሉ እንኳ አላስተዋልኩም። እሱ ደነገጠ። «እነዚህ ከሌሉ ዳዊት አይጻፍም» አለ። ለእነሱ ብቻ ሌላ ሁለት ሳምንት ሠራ።

በዚያው መሐል አባቱ መጡ።

ቅዳሜ ነበር፤ ለገበያ መጥተው ልጃቸው የት እንደሚውል ጠይቀው ጠይቀው ላቡን አገኙት። በሩ ላይ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተመርኩዘው። እኔ ብድግ ብዬ «አያ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። አልተቀመጡም። የበሩትን ስክሪኖች ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ቆጠሩ።

«ታዲያ ከዚህ ውስጥ ያንተ የትኛው ነው?» አሉት።

«እሱን እየሠራነው ነው፣ አባባ። ገና ነው።»

ሰውየው ቁጡ አልነበሩም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እኔ የማላውቀውን ነገር አልዘባርቅም» አሉ። «ተምረሃል፣ ጨርሰሃል፣ ዓመት ሞላህ። አገሩ ሁሉ ልጅህ ከተማ ምን ይሠራል ይለኛል፣ የምመልሰው የለኝም። እኔም ደክሜያለሁ። ለመስቀል ስትመጣ ስምህ ያለበት ነገር ይዘህ ና። ወረቀት ይሁን ምን ይሁን፣ ብቻ ስምህ ይኑርበት። ቄሱ ያነቡልኛል፣ እኔም ለጎረቤቱ እናገራለሁ፣ አንተም ከተማህ ትቀመጣለህ። ከሌለ ግን ግባ ልጄ። በሬዎቹ ሰው ይፈልጋሉ።»

እሱ አንገቱን ደፋ። «እሺ አባባ» አለ። ሲወጡ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛቸው። ተመልሶ ሲቀመጥ «እስከ መስቀል ይደርስልናል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኢንሻአላህ፣ ምን ሊያግደው!» አልኩት። ሰምተኸኛል? ነገሩን አውቀው ነበር። ሳላውቅ ያደረግሁት አይደለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገምጋሚው «አሁን ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ሞልታችሁ ላኩ» ብሎ ጻፈ። እሁድ ጠዋት ነው። የላቡ ኃላፊ ቁልፉን ሰጥተውናል፣ ከእኛ በቀር ማንም የለም። ጓደኛዬ ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጣ ነጠላውን እንደለበሰ ከጎኔ ተቀምጧል። ውጭ ይዘንባል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ንግግራችንን እየዋጠው ነበር። መብራት አንዴ ብልጭ ድርግም አለ፤ ሊጠፋ ሲል የሚያሳየውን ጠባይ ታውቀዋለህ።

እኔ ቁልፉ ላይ ነኝ። ሁሉንም ሞላን። ቀረ አንድ መስመር፦ ተጠሪ። ስምና አድራሻ።

«ስም ይላል» አልኩት።

«ያንተን ጻፍ» አለ።

«እንዴ! ሥራው ያንተ ነው እኮ።»

«ግድ የለም፣ ያንተን ጻፍ። የሚያውቁት አንተን ነው።»

መብራቱ ደግሞ ብልጭ አለ። ጻፍኩት። የራሴን ስም፣ የአባቴን ስም፣ አድራሻዬን። ላክሁት።

አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ፣ ላስረዳህ አይገባም ነበር። እንግዳ ቤትህ መጥቶ «በልቻለሁ» ሲልህ ማዕዱን ታነሳለህ እንዴ? «በሞቴ» ትላለህ። «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ» ትላለህ። እሱም ይግደረደራል፣ አንተም ትለምናለህ፣ በመጨረሻ ይበላል። የራበውም የጠገበውም እኩል ነው እምቢ የሚለው፤ ማን እንደራበው የሚታወቀው በልመናው ነው። እናቴ ቤት ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደዚያ ለምኜው በልቷል! በር ላይ ስንደርስ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» እየተባባልን ስንት ጊዜ ሰው አስቁመናል! ለአንድ እንጀራ፣ ለአንድ በር ያን ያህል የምለምን ሰውዬ፣ ለዚያ መስመር አንዴ ብቻ አልኩና ተውኩት። «በሞቴ» አላልኩም። እሱ ደግሞ ስሙን ራሱ «ጻፍልኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ እንደዚያ አላደገም። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ ነው እላለሁ። ከልቤ ሳስበው ግን ስሜን እዚያ ማየት ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው።

ጳጉሜ ላይ ገባ። ገምጋሚው ለእኔ ጻፈልኝ፤ ድንቅ ሥራ ሠርተሃል፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ በተለይ እነዚያን ፊደላት ያስተዋልክበት መንገድ አስገርሞኛል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ወደ አማርኛም መለስኩለት። ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለኝ።

«እንኳን ደስ ያለን በል እንጂ!» ብዬ ትከሻውን መታሁት። ሳቀ። አፉን ግን አልሸፈነም፤ ያ ሳቅ የእሱ ሳቅ አልነበረም። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከመስቀል ሦስት ቀን በፊት ብቻውን ላቡ ገብቶ ኃላፊውን ለምኖ ተጠሪው የሚታይበትን የፓኬጁን ገጽ አሳተመ። ይህንን የነገሩኝ ኃላፊው ናቸው። ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ዘንድ ሄዶ፣ ከላይ እስከ ታች አይቶት፣ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ወጣ። «ረስተኸዋል» ቢሉት «የእሱ ነው፣ ስጡልኝ» አላቸው። እኔ እንኳ ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ አባቴ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አየህ? ለጠፍኩት!

ከመስቀል በኋላ አልተመለሰም። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ፍራሹንና መጻሕፍቱን ሊወስድ መጥቶ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። አባቴ ግባ ቢለው መኪናው ይሄድብኛል አለ። ፍራሹን በገመድ ጠፍሮ ተሸክሞታል። ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳ አይቶ ዓይኑን ሰበረ።

«ምነው፣ ሥራ አገኘህ እንዴ?» አልኩት።

«እርሻው አለ» አለኝ። «አባባ ደክመዋል።»

ያኔ ነው ያደረግሁት ሁሉ ፊቴ ላይ የቆመው። «በሚቀጥለው እትም ስምህን አስገባዋለሁ፣ ወላሂ» አልኩት። «ግድ የለም» አለኝ፣ ያንኑ ቃል። ሳመኝና ሄደ። ማታውኑ አይደለም፣ ሦስት ወር ቆይቼ መመሪያውን ሳነብ ነው ያወቅሁት፤ ተጠሪ ከሚለው መስመር ሥር «ተባባሪዎች» የሚል ሌላ መስመር መጨመር ይቻል ነበር። ሁለታችንም እንገባ ነበር። ሳልጨምረው ልኬዋለሁ።

ለምን ቶሎ አላስተካከልክም ትለኛለህ። ልክ ነህ። አንድ ድርጅት ቀጠረኝ፤ የቀጠረኝ ሰው ያንን ገጽ ከፍቶ እያየ ነው ያናገረኝ። አሁን ባስገባው ምን ይሉኛል አልኩ። ቆይ አልኩ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ለስንት ጊዜ እንደጠፋ አንተም ታውቃለህ። ሲመለስ የኢሜይል ሳጥኔን ብከፍተው ደብዳቤ ተከምሯል። ፓኬጁ ተበላሽቷል፣ ተጠሪው አለህ ወይ፣ ካልመለስክ ወላጅ አልባ ብለን እንመዘግበዋለን። ስሜን እየጠሩ ነው የሚጠይቁት። ቁጭ ብዬ ላስተካክለው ብል እሱ የጻፈውን አንብቤ መጨረስ አቃተኝ። በየመስመሩ ያስቀመጠው ማስታወሻ አለ፤ ለሚቀጥለው ሰው እንዲገባው ብሎ የጻፈው። የሚቀጥለው ሰው እኔ ሆንኩ። አለቀስኩ፣ አላፍርም፤ ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።

በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ በየእትሙ ምን እንደተለወጠ የሚጻፍበት የለውጥ መዝገብ አንዴ ከወጣ አይነካም። ከላይ አዲስ ትጨምራለህ እንጂ የታችኛውን አትፍቅም። ስለዚህ አዲሱን ጥገና በምልክበት ጊዜ ከላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ይህን ፓኬጅ መጀመሪያ ያነሳውና የሠራው እገሌ ነው፣ ከእነ አባቱ ስም። ተባባሪዎች የሚለው ላይም አስገባሁት። ያው ገምጋሚ መለሰልኝ። «ይህ ዐረፍተ ነገር ለውጥን አይገልጽም፤ ይውጣ» አለ። ስንት ጊዜ መልሶኝ እሺ ብዬ ነበር! ያን ቀን እምቢ አልኩ። ሁሉንም ጻፍኩለት፤ ሽሮውን፣ ዝናቡን፣ አባትየውን፣ መስቀልን። በሁለተኛው ቀን አንድ መስመር ላከ። «ይቆይ» ይላል።

መንገዱ ሲከፈት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ እየጠየቅሁ። እርሻ ላይ አገኘሁት። ከሩቅ ለየኝ፤ ጅራፉን ጥሎ መጥቶ አቀፈኝ፣ ትከሻዬን ደጋግሞ ሳመኝ። ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል።

«ምነው ጠፋህ፣ የጨርቁ ልጅ?»

«አለሁልህ። አያስ ደህና ናቸው?»

አየኝ። «አልሰማህም እንዴ? አባባ አረፉ። ሁለት ዓመታቸው ሊሆን ነው።»

ለቅሶ አልደረስኩትም። አልሰማሁም ማለት ምን ያደርጋል? ልጠይቅ ብል የምሰማው ነገር ነበር። እዚያው ትልሙ ላይ ተቀምጬ እንባዬ ወረደ፤ እሱ ነው ያጽናናኝ፣ ባለ ኀዘኑ። «ተነስ እባክህ፣ አልተቸገሩም፣ ቤታቸው ነው ያረፉ» ይለኛል። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ማሳየቱ አስጠላኝ። ለማን ብዬ? ሊያዩት የሚገባቸው አባቱ የሉም። ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለእሱ ነውና፣ አውጥቼ ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት።

እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ። ፀሐዩ ስክሪኑን ስላጠፋበት ጀርባውን አዙሮ በኮቱ ጥላ አደረገለት። አነበበ። አጭር ነገር ነው፣ እሱ ግን ቆየ። ነፋሱ የተገለበጠውን አፈር ሽታ ያመጣል። በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመው ይጠብቁታል።

«የአባባን ስም ሳታሳስት ጽፈኸዋል» አለኝ።

ስልኩን በሁለት እጁ መለሰልኝና ወደ በሬዎቹ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የቀንበሩን ጠፍር ሲፈታና መልሶ ሲያስር ብዙ ቆየ። ጠፍሩ ምንም አልሆነም ነበር።